ያለ ቦታው የተቀመጠ ፍርሃት

ጅማ ውስጥ ባደግሁበት ሰፈር ቡና ለብቻ አይጠጣም ነበር። እናቴ ቡናው መቆላት ሲጀምር እኛን ልጆቿን «ቡና ጠጡ በሉ» ብላ በየጎረቤቱ ትልከናለች፤ ከምንጠራቸው ሰዎች መካከል በዚያው ሰሞን ባሏን የቀበረች፣ የመጨረሻ ልጇን ታቅፋ የምትመጣ አንዲት ሴት ነበረች። ጊዜው 1990 ዓ.ም. ገደማ ነው። ለእርሷ የሚቀዳበት ሲኒ ረከቦቱ ላይ ከተደረደሩት አንዱ አልነበረም። ጠርዙ የተሸረፈ፣ ከሌሎቹ ተለይቶ በቁም ሳጥኑ ታችኛው መደብ የሚቀመጥ ሲኒ ነበር፤ ጠጥታ ስትሄድም እናቴ ለብቻው በፈላ ውሃ ታጥበዋለች። ስለዚህ ነገር በቤታችን አንድም ቃል ሲነገር አልሰማሁም። ሆኖም ገና የ9 ዓመት ልጅ ሳለሁ ያ ሲኒ የማን እንደሆነና በስህተት እንኳ ልጠጣበት እንደማይገባ አውቅ ነበር።

ይህን የምጽፈው እናቴን ለመክሰስ አይደለም። ሌሎቹ ጎረቤቶች ያቺን ሴት መጥራት ባቆሙ ጊዜ እርሷ አላቆመችም፤ አልጋ ላይ በዋለችበት ወራትም አጥሚት ይዛ የምትሄደው እርሷ ነበረች። ሰውን ሳትርቅ በሽታውን መራቅ የምትችልበት መንገድ መስሎ የታያት ያ ሲኒ ነው። በዚያ ዘመን ስለ ኤች አይ ቪ አብዝቶ የሚነገረን ገዳይነቱ ነበር፤ በየግድግዳው የተለጠፈው ሥዕል የራስ ቅልና የከሳ ሰው ያሳያል እንጂ ቫይረሱ በየት በኩል እንደሚገባና በየት በኩል ፈጽሞ እንደማይገባ ረጋ ብሎ አያስረዳም ነበር። በሩ የትኛው እንደሆነ ያልተነገረው ሰው ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ይዘጋል።

ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፤ ይህን ምዕራፍ ለብዙ ዓመታት አስተምሬያለሁ። በትክክል የገባኝ ግን በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ታናሽ እህቴን ተከትዬ የእርግዝና ክትትል ክፍል በር ላይ በተቀመጥኩበት ቀን ነው። የመጀመሪያ ልጇን ካረገዘች ሦስተኛ ወሯ ነበር። ለነፍሰ ጡር ሁሉ እንደሚደረገው ደሟ ለኤች አይ ቪ፣ ለቂጥኝና ለጉበት ቫይረስ ተመረመረ፤ ኤች አይ ቪ በደሟ ውስጥ ተገኘ። አዋላጅ ነርሷ በኦሮምኛም በአማርኛም እያቀያየረች በትዕግሥት አስረዳቻት፤ እህቴም አንገቷን እየነቀነቀች ሰማች። ወጥተን በባጃጅ ወደ መርካቶ ስንወርድ የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ራሷ ዕድሜም ስለ ጽንሱም አልነበረም። «ከአሁን በኋላ ከእናንተ ጋር ከአንድ ትሪ መብላት እችላለሁ?» አለችኝ።

አንዲት ምግብ ቤት ገብተን ሽሮ አዘዝን። እጇን ሰብስባ ተቀመጠች። አጎረስኳት፤ እርሷ ግን ልታጎርሰኝ እጇን አንስታ መልሳ አወረደችው። ያን ጊዜ ነው ያ ሲኒ ከእናቴ ቁም ሳጥን ወጥቶ እህቴ ውስጥ እንደተቀመጠ የተረዳሁት። ገና ሕፃን ሳለች ስላየችው አላስታውስም ትላለች፤ ነገር ግን እጇ ያስታውሳል።

ስለዚህ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ለተማሪዎቼ የማስተምረውን ትምህርት ለእርሷ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ኤች አይ ቪ የሚራባው በሰው ሕዋስ ውስጥ ብቻ፣ በተለይም ሲዲ ፎር በሚባሉት የሰውነት መከላከያ ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ነው፤ ከሰውነት ወጥቶ የያዘው ፈሳሽ ሲደርቅ የመበከል አቅሙን ፈጥኖ ያጣል። ለመተላለፍ የሚያበቃ መጠን የሚገኝባቸው ፈሳሾች ጥቂት ናቸው፤ እነርሱም ደም፣ የወንድ ዘር ፈሳሽና ከእርሱ ቀድሞ የሚወጣው ፈሳሽ፣ የሴት ብልት ፈሳሽ፣ የፊንጢጣ ፈሳሽና የጡት ወተት ናቸው። ፈሳሹ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ ወደ ሌላው ሰው ደም የሚያደርሰው መግቢያ፣ ማለትም የተቆረጠ ቆዳ፣ የመርፌ ቀዳዳ ወይም እንደ ብልትና ፊንጢጣ ውስጥ ያለ ስስ ሽፋን ማግኘት አለበት። ምራቅ፣ ላብ፣ እንባና ሽንት በዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ስለዚህ አንድ ሲኒ፣ አንድ ማንኪያ፣ አንድ ትሪ፣ አንድ አልጋ ልብስ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት፣ መተቃቀፍ፣ መሳሳም፣ ማስነጠስና ማሳል ኤች አይ ቪን አያስተላልፉም። ጉርሻም አያስተላልፍም።

ለእውነት ስል እዚህ ላይ አንድ ነገር እጨምራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የታተመ የሕክምና ዘገባ፣ አሳዳጊዎቻቸው ምግብ አኝከው ያጎረሷቸው ሦስት ሕፃናት በዚህ መንገድ ሳይያዙ እንዳልቀሩ ገልጿል። የተጠረጠረው ምራቁ ሳይሆን ከድድ ቁስል የወጣና ካኘኩት ምግብ ጋር የተቀላቀለ ደም ነው። እኛም ዘንድ አያቶች ለሕፃን አኝከው የሚያጎርሱበት ልማድ ስላለ ይህን አልደብቅም፤ ሆኖም በእጅ የተጠቀለለ ጉርሻና በደማ ድድ የታኘከ ምግብ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በየዓመቱ ተማሪዎቼ ስማቸውን ሳይጽፉ በብጣሽ ወረቀት ጥያቄ እንዲያስገቡ አደርጋለሁ፤ አንድም ዓመት ያልቀረው ጥያቄ የወባ ትንኝ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። በጊቤ ግድብ ዙሪያ ካሉት መንደሮች የመጡት ልጆች ወባን በቤታቸው ያውቁታል፤ አንዷ ትንኝ ከአንዱ ደም ጠጥታ ወደ ሌላው ስትሄድ አይተዋል። መልሱ ያለው በትንኟ አካል ውስጥ ነው። የወባ ተሕዋስ በትንኟ ሆድ ውስጥ ይራባል፣ ወደ ምራቅ ዕጢዋም ይሻገራል፤ ስትነክስ የምትለቀው ምራቋን ስለሆነ ወባው አብሮ ይገባል። ኤች አይ ቪ ግን ትንኟ ሆድ ውስጥ የሚራባበት የሰው ሕዋስ ስለማያገኝ ከጠጣችው ደም ጋር ተፈጭቶ ይጠፋል፤ ቀድማ የጠጣችውን ደም ደግሞ በሚቀጥለው ሰው ላይ አትተፋም። ለተማሪዎቼ የማስከትለው ጥያቄ አለ፤ ትንኝ የምታስተላልፈው ቢሆን ኖሮ ከወላጆቻቸው ጋር በአንድ ክፍል የሚተኙት የ7 እና የ10 ዓመት ልጆች እንደ ወላጆቻቸው በብዛት በተያዙ ነበር፤ ወባ ዕድሜ አይለይማ። አልሆነም።

ፍርሃቱ የሚገባበት ስፍራ ሌላ ነበር። እናቴ ሲኒ በፈላ ውሃ በምታጥብበት በዚያው ዘመን፣ በዚያው ሰፈር፣ የልጆችን እንጥል የሚቆርጡና ግግ የሚያወጡ አዛውንት ነበሩ፤ ስለታቸው በእያንዳንዱ ልጅ መካከል መቀቀሉን የጠየቀ አንድም ወላጅ አላስታውስም። በአንድ ምላጭ የሚበጡ፣ በአንድ መርፌ የሚነቀሱ፣ ለግርዛት አንድ ስለት የሚዋሱ ነበሩ። ደም ያለበት ስለት ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ማንም አልደነገጠም፤ ደም የሌለበት ሲኒ ግን ያስደነግጥ ነበር። በቫይረሱ የተበከለ ደም በደም ሥር የተሰጠው ሰው ከመቶ ከ90 በላይ በሆነ ዕድል ይያዛል፤ ለታካሚ የሚሰጥ ደም ሁሉ አስቀድሞ የሚመረመረውም ስለዚህ ነው። በሥራ ላይ ሳለ የተበከለ መርፌ የወጋው የጤና ባለሙያ የመያዝ ዕድሉ ከ1,000 ወደ 3 ገደማ ነው፤ ይህም ቢሆን በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀናት የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለው። ይኸው መድኃኒት ተገዳ ለተደፈረች ሴትም ይሰጣል፤ ሰዓቷ ሳያልፍ እንድትደርስ ይህን የምታነቡ ሁሉ እንድታውቁት እፈልጋለሁ።

ከሁሉም በላይ ቫይረሱ የሚተላለፈው ያለ ኮንዶም በሚደረግ የግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። እዚህ ላይ እህቴን ያስጨነቃት ነገር ባለቤቷ ተመርምሮ ነፃ መሆኑ ነበር። ከዘመድ ወገን «እንዴት ሊሆን ይችላል?» ያሉ ነበሩ፤ «ታዲያ ከየት አመጣችው?» ያሉም አልጠፉም። ከየት እንደያዛት መጠየቅ የማንም ድርሻ አይደለም ብዬ አምናለሁ፤ ለማንም መድኃኒት ሆኖ አያውቅምና። የመጀመሪያው ጥያቄ ግን መልስ አለው። በእያንዳንዱ ግንኙነት ቫይረሱ የግድ አይተላለፍም፤ ዕድሉን የሚወስነው በዋናነት በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን ነው፤ የአባላዘር ቁስል መኖር አለመኖሩና ወንዱ መገረዝ አለመገረዙም ለውጥ ያመጣሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ተጋልጦ የሚያዝ ሰው አለ፤ ለዓመታት አብሮ ኖሮ ሳይያዝ የሚቆይ ባልም አለ።

መድኃኒት ሲገባ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ፓርትነር በተባለው የአውሮፓ ጥናት አንዳቸው ኤች አይ ቪ ያለባቸው፣ መድኃኒት በመውሰዳቸውም የቫይረስ መጠናቸው እጅግ ዝቅ ያለ ጥንዶች ክትትል ተደርጎባቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ በሆነው ውጤት መሠረት ከ58,000 ያህል ያለ ኮንዶም የተደረጉ ግንኙነቶች ውስጥ ቫይረሱ ከአንዱ ተጣማሪ ወደ ሌላው የተላለፈበት አንድም ጊዜ አልተገኘም። አንድም። መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ የቫይረስ መጠኑ በምርመራ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። የእህቴ ባለቤት የእርሷ መጠን እስኪወርድ ድረስ ኮንዶም ተጠቀመ፤ ላልተያዘ ሰው የሚሰጠውን መከላከያ ክኒንም ወሰደ። ዛሬም ነፃ ነው።

አሁን ወደ ጽንሱ ልመለስ፤ ሰው ሁሉ በተሳሳተ መንገድ የሚያውቀው ይህን ነውና። ኤች አይ ቪ ካለባት እናት የሚወለድ ልጅ ሁሉ ይያዛል ብለን ነበር ያደግነው። ምንም ሕክምና በሌለበት ሁኔታ እንኳ ከ100 ሕፃናት የሚያዙት ከ15 እስከ 45 ነበሩ፤ ማለትም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያለ ምንም እርዳታ ነፃ ሆነው ይወጡ ነበር። ምክንያቱም የእናትና የጽንስ ደም አይቀላቀሉም። እንግዴ ልጁ ምግብና አየር እያሳለፈ ሁለቱን ደሞች ለያይቶ ይጠብቃል፤ ወባ ወይም ቂጥኝ የመሰለ በሽታ ሲጎዳው ግን ይህ አጥር ይዳከማል። ለነፍሰ ጡር ሴት አጎበር የምንመክረው ትንኝ ኤች አይ ቪ ስለምታስተላልፍ አይደለም፤ ወባ ያንን አጥር ስለሚነካው ጭምር ነው። ልጁ ከአባቱ በቀጥታ አይያዝም፤ አባትየው ኤች አይ ቪ ኖሮበት እናትየው ነፃ ከሆነች ልጁም ነፃ ነው። እናትየው በእርግዝናዋ ወይም በማጥባቷ ወቅት አዲስ ከተያዘች ግን፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቫይረሱ በደም ውስጥ እጅግ ስለሚበዛ፣ ለልጁ ከሁሉ የከፋው ጊዜ ይህ ነው። በመጀመሪያ ምርመራዋ ነፃ የተባለች ነፍሰ ጡር ወደ መጨረሻው አካባቢ እንደገና እንድትመረመር የሚነገራትም ለዚህ ነው፤ ባሏም አብሮ እንዲመረመር የሚጠየቀው እንዲሁ።

ያለ ሕክምና ብዙው መተላለፍ የሚሆነው በምጥና በወሊድ ጊዜ ነው። ማሕፀን ሲጨማደድ ጥቂት የእናት ደም ወደ ልጁ ሊያልፍ ይችላል፤ ልጁም በደምና በብልት ፈሳሽ ውስጥ ያልፋል፤ የሽርት ውሃ ፈሶ ብዙ ሰዓት ከቆየም አደጋው ይጨምራል። መድኃኒቱ ይህን ሁሉ ከምንጩ ያደርቀዋል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ኤች አይ ቪ ያለባት ነፍሰ ጡር ሁሉ የሲዲ ፎር ቁጥሯ ሳይጠበቅ ወዲያውኑ መድኃኒት ጀምራ ዕድሜ ልክ እንድትቀጥል ተወስኗል። መድኃኒቱ በአግባቡ ከተወሰደ የሚያዙት ሕፃናት ከመቶ ከ5 በታች ይሆናሉ፤ ከእርግዝና በፊት ወይም ገና በጠዋቱ ጀምራ የቫይረስ መጠኗ ዝቅ ያለ እናት ዘንድ ደግሞ ከመቶ 1 እንኳ አይሞሉም። እህቴ የጀመረችው በዚያው ሳምንት ነው። የወለደችውም በምጥ ነው፤ መጠኗ ዝቅ ስላለ ለኤች አይ ቪ ሲባል ቀዶ ሕክምና አላስፈለጋትም።

እዚህ ላይ ስለዚያ ሲኒ ልናገር የፈለግሁትን ሁሉ የሚያጠቃልል ነገር ሆነ። በሰባተኛ ወሯ አማቷ ዘንድ ለአንድ ሳምንት ሄደች፤ ቤተሰቡ አያውቅም ነበር። የክኒኑ ብልቃጥ እንዳይንኳኳ ጥጥ ጠቅጥቃበት በልብስ መካከል ደበቀችው፤ ክፍሉ ሰው የማይጠፋበት ስለነበር ግን ሁለት ሌሊት ሳትውጥ ቀረች። ከዚያም በፊት በአንድ ጤና ተቋም ወረፋ ላይ ሳለች ስሟ የመድኃኒቱ ክፍል አብሮ እየተጠቀሰ በሰው መካከል ጮክ ተብሎ ስለተጠራ፣ አጋሮ ድረስ ሄጄ ልከታተል ብላ ነበር። ሲኒ ኤች አይ ቪን አስተላልፎ አያውቅም። ሲኒን የሚለይ ፍርሃት ግን ክኒን ያስዘልላል፣ ቀጠሮ ያስቀራል፤ ክኒን ሲዘለል ቫይረሱ ይበዛል፤ ቫይረሱ ሲበዛ ልጅ ጋ ይደርሳል። ሁለት ሌሊት ብዙ አልነበረም፤ ስትመለስ ተነጋገርን፤ ባለቤቷም ለእናቱ ራሱ ነገራቸው።

አማቷ እንደ ፈራነው አልሆኑም። የተከራከሩት በሌላ ነገር ነው፤ ለአራስ ልጅ ለጋ ቅቤ እናውጠው፣ ከዚያም የአብሽ ውሃ እንስጠው ይሉ ነበር። በዚህ ግን እህቴ አልተንበረከከችም፤ ነርሷ አስጠንቅቃታለችና። የጡት ወተት ቫይረሱን ሊይዝ የሚችል ቢሆንም ከጡት ጋር ቅቤ፣ ውሃና ገንፎ የሚቀላቀልለት ሕፃን የአንጀቱ ስስ ሽፋን ይጎዳል፤ የተጎዳ ሽፋን ደግሞ መግቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የደቡብ አፍሪካ ጥናት ጡት ላይ ጠጣር ምግብ ከተጨመረላቸው ሕፃናት መካከል የመያዝ አደጋው ጡት ብቻ ከጠቡት ወደ 11 እጥፍ የሚጠጋ መሆኑን አሳይቷል፤ ያን ጊዜ አብዛኞቹ እናቶች መድኃኒት ላይ አልነበሩም። መድኃኒት ላይ ባሉ እናቶች ዘንድ በማጥባት የሚተላለፈው እጅግ ጥቂት ነው፤ ከመቶ 1 አይደርስም። ዜሮ ግን አይደለም፤ ይህን ሳልነግራት ማለፍ አልፈለግሁም። ጡት ማቆምም ለልጁ ሌላ አደጋ አለው፤ በእኛ አገር ተቅማጥና ረሃብ ሕፃን ይገድላሉና። ስለዚህ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያ በኋላ ከተጨማሪ ምግብ ጋር አጠባች፤ የጡቷ ጫፍ ሲሰነጠቅም ሳታቆይ ሄዳ ታከመች።

ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ ለስድስት ሳምንት በየቀኑ ኔቪራፒን የሚባል፣ ቫይረሱን የሚከላከል ሽሮፕ ወሰደች። በስድስተኛ ሳምንቷ ከተረከዟ የተወሰደ ደም በወረቀት ላይ ደርቆ ወደ ላቦራቶሪ ተላከ። ይህ ምርመራ የቫይረሱን ዘር ራሱን የሚፈልግ ነው፤ የተለመደው የጣት ምርመራ የሚያየው ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ስለሆነና የእናት ፀረ እንግዳ አካል በሕፃን ደም ውስጥ እስከ 18 ወር ሊቆይ ስለሚችል በዚያ ዕድሜ አያገለግልም። ሕፃን በጣት ምርመራ «አለበት» ተብሎ ልቡ የተሰበረ ወላጅ ካለ ይህን ይወቅ፤ የታየው የእናቱ ጥላ ሊሆን ይችላል። የደረቀው ደም ውጤት ነፃ ሆኖ መጣ። ጡት ካቆመችና 18 ወር ካለፋት በኋላ የተደረገው የመጨረሻ ምርመራም ነፃ አላት።

የዚያን ዕለት ማታ ሁላችንም እናታችን ቤት ተሰበሰብን። እናቴ ሁሉንም ነገር ከሰማች ቆይታለች፤ ያን ቀን ግን ልጅቷን ታቅፋ ለረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «መድኃኒቱ ያን ጊዜ ነበረ?» አለችኝ። ማንን እንደምትል ወዲያው ገባኝ። የጎረቤታችን ሕፃን ሁለት ዓመት ሳይሞላው ነበር የሞተው፤ እናቱም ብዙ አልቆየችም።

የማውቀውን ነገርኳት። በአሜሪካና በፈረንሳይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1994፣ በእኛ በ1987 ዓ.ም.፣ በታተመ ጥናት ዚዶቩዲን የሚባል መድኃኒት ለነፍሰ ጡሯና ለሕፃኑ ሲሰጥ የመተላለፉ መጠን ከመቶ 25.5 ወደ 8.3 እንደወረደ ዓለም አውቆ ነበር፤ ወደ እኛ አገር እናቶች ግን አልደረሰም። የመጀመሪያው መመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2005) ነው። እናቴ በጣቷ ዓመቱን ቆጠረች።

«ሲኒውስ?» አለች ቀጥላ።

«እማዬ፣ ሲኒው ያን ጊዜም አያስተላልፍም ነበር።»

ምንም አልመለሰችልኝም። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የእህቴ ስልክ ክኒኑን ሊያስታውሳት ጮኸ፤ እናቴም ልጅቷን ለእኔ አቀብላኝ ውሃ ልታመጣላት ተነሣች።